ለዊንተር ብስክሌት የሚሆን ሙቅና ውሃ የማያስገባ ጓንት ምከሩኝ

ፀሐይ ናፋቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ስቶክሆልም ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መንከባከብ ሲሆን ከቤት ቤት የምዞረው በብስክሌት ነው። መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ ቢበዛ አሥር ደቂቃ። ግን ቀኑን ሙሉ ጓንት ሳወልቅና ሳጠልቅ ነው የምውለው። በየቤቱ ስገባም ስወጣም እጄን እታጠባለሁ። እርጥበቱ በደንብ ሳይደርቅ ጓንቱ ውስጥ እከተዋለሁ።

አሁን ያለኝ ውሃ አያስገባም ተብሎ የተሸጠልኝ ነው። እውነትም አያስገባም። ችግሩ ሳወልቀው ገበሩ ከጣቶቼ ጋር ተጣብቆ አብሮ ይወጣል። መልሼ ላስገባው ስል ጣቶቹ ቦታቸውን አያገኙም። ደጅ ላይ ቆሜ ከጓንት ጋር ስታገል ቀጣዩ ሰው መድኃኒቱን እየጠበቀ ነው። ከሰዓት በኋላ ውስጡ ይረጥብና ቆፈን ይይዘኛል። ባለፈው ሳምንት የአንዲት እማማን በር ለመክፈት ቁልፉን ማዞር አቅቶኝ ነበር።

ደረቁን ብርድ እችለዋለሁ። የሚከብደኝ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ የሚጥለው፣ በረዶና ዝናብ የተቀላቀለበት ነገር ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የካፊያ ልጅ፦

እህቴ፣ እኔ ጎተንበርግ በብስክሌት ምግብ አደርሳለሁ። እዚህ ዝናቡ ከእናንተ ይብሳል። አንቺ የነገርሽን የገበር ችግር ነው። ውሃ የማያስገባ ጓንት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ንብርብር አለው፤ ውጪ ጨርቁ፣ መሃል ላይ እንደ ጎርቴክስ ያለ ስስ ሽፋን፣ ውስጥ ገበሩ። ያ ሽፋን በመርፌ ከተወጋ ውሃ ያስገባል። ስለዚህ ገበሩ ጣት ጫፍ ላይ በማጣበቂያ ካልተያዘ ልቅ ሆኖ ይቀራል። በደረቅ እጅ አይታወቅም። ሱቅ ስትሄጂ እጅሽን ረጠብ አድርገሽ ለኪውና ቶሎ ብለሽ አውጪ። ገበሩ ከተከተለሽ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አትግዢው።

ላንቺ ሥራ ግን የሚሻለው ሁለቱን ለይቶ መልበስ ነው። ከውስጥ ስስ የሜሪኖ ሱፍ ጓንት፣ ከላይ ገበር የሌለው ውሃ መከላከያ። ሱፍ ረጠብ ቢልም ያሞቃል። ጥጥ ውሃውን ይዞ ያቀዘቅዝሻል፣ አደራ እንዳትገዢ። ከስሱ ሦስት አራት ጥንድ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ። አንዱ ሲረጥብ ላስቲክ ውስጥ ክተቺና ደረቁን አጥልቂ።

የላይኛውን ሰፋ አድርገሽ ውሰጂ። ጠባብ ጓንት ሙቀት የሚይዘውን አየር ያስወጣል፣ ደም ዝውውሩንም ያውካል። ያንን ለብሰሽ ፍሬን መያዝ መቻልሽን ግን ብስክሌቱ ላይ ሆነሽ አረጋግጪ፤ ይህን ሱቅ ውስጥ ቆመሽ አታውቂውም። ሌላው፣ የጃኬትሽ እጅጌ ከጓንቱ በላይ ይሁን። መሪ ስትይዢ ክንድሽ ወደታች ስለሚያዘነብል ውሃው በእጅጌሽ ወርዶ ቀጥታ ጓንት ውስጥ ይገባል።

ሰሜን ኮከብ፦

ከአሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ነኝ። እዚህ ከዜሮ በታች 20 ሲሆንም በብስክሌት ሥራ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት መሪው ላይ የሚታሰር ወፍራም እጅ መክተቻ ነው። ፍሬኑና ማርሹ ውስጡ ስለሚገቡ እጅሽን ሰተት አድርገሽ ታስገቢያለሽ። ንፋስ አይነካሽም። ዜሮ ዲግሪ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ቆዳ ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች 5 ያህል ሆኖ ነው፤ አንቺ ደግሞ እየነዳሽ ንፋሱን ራስሽ ትፈጥሪዋለሽ። መክተቻው ካለ ያ ስስ የሱፍ ጓንት ብቻውን ይበቃሻል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጣቶችሽ ነጭ ሆነው ይደነዝዛሉ? እንደዚያ ከሆነ ጓንት ብቻ አይደለምና ሐኪም አማክሪ።

ፀሐይ ናፋቂ፦

ተባረኩ። ነጭ አይሆኑም፣ ይቀላሉ እንጂ። መክተቻው በጣም ደስ ብሎኛል። ግን ብስክሌቱ የመሥሪያ ቤት ነው፣ ጠዋት ያገኘሁትን ነው የምወስደው። በየቀኑ መፍታትና ማሰር ይቻላል? ደግሞ ደጅ ሳቆመው ዝናብ አይሞላበትም?

ሰሜን ኮከብ፦

በቬልክሮ፣ ማለትም ሲጫኑት በሚጣበቅና ሲስቡት በሚላቀቅ ማሰሪያ፣ የሚታሰረውን ፈልጊ፣ ለመፍታትም ለማሰርም ቀላል ነው። ስታቆሚው አፉ ላይ ላስቲክ አጥልቂበት። መግዛት ካልፈለግሽ ግን አለቃሽን ጠይቂ። ለሥራው የሚያስፈልግ ዕቃ ነው፣ ከኪስሽ የምታወጪበት ምክንያት አይታየኝም።

የካፊያ ልጅ፦

በዚህ እስማማለሁ፣ አለቃሽን ጠይቂ። መልሱ እስኪመጣ ከሱፉ በላይ ሰፊ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት አድርጊ። ጎማው ላብ ስለማያስወጣ ለረጅም መንገድ አይሆንም፤ ለአሥር ደቂቃ ግን ውሃ ጠብ አያደርግም፣ ፍሬንም አያንሸራትትም። ሳኒታይዘር ከተጠቀምሽ እጅሽ ላይ ደርቆ ይለቅ እንጂ እርጥብ እያለ አትውጪ፤ ሲተን ሙቀትሽን ይዞ ነው የሚሄደው።

ፀሐይ ናፋቂ፦

የጎማውን ዛሬውኑ እገዛለሁ። ሱፎቹን ማታ አጥቤ ጠዋት እንዲደርሱልኝ ማሞቂያው ላይ ባሰጣቸው ይበላሻሉ?

የካፊያ ልጅ፦

ቀጥታ አታስጪያቸው፣ ሱፍ በሙቀት ይኮማተራል። ለብ ባለ ውሃ እጠቢ፣ ፎጣ ውስጥ ጠቅልለሽ ጭመቂና ማሞቂያው አጠገብ ወንበር ላይ ዘርጊያቸው። ስስ ስለሆኑ ጠዋት ደርቀው ታገኛቸዋለሽ።