ጅማ በክረምት፦ ጓሮዬም ጠፋ የቤቴም ግድግዳ ረጠበ፣ እስቲ ምከሩኝ

አዲስ ገቢ፦
ሰላም የጅማ ልጆች እንዴት ናችሁ። ባለቤቴ ሥራ እዚህ ስለደረሰው ከአዳማ መጥተን ኪቶ ታች በኩል ቤት ተከራይተናል። ጓሮው ሰፊ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ግንቦት ላይ ቲማቲምና ቃሪያ የኋላ ግድግዳውን ታክኬ ተከልኩ፣ ከጎኑ ጎመን አለ፣ መጀመሪያ ላይ እንዴት ያምር እንደነበር ብታዩት። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ግን ቲማቲሙ ቅጠሉ ላይ ውሃ ያዘለ ነጠብጣብ ያወጣና ወዲያው ቡኒ ሆኖ ይረግፋል፣ ፍሬውም ገና አረንጓዴ እያለ ጎኑ ይበላሻል። ቃሪያው ደግሞ ቅጠሉ ሳይቀየር በቁሙ ይጠወልጋል፣ ስነቅለው ሥሩ ጠቁሯል። ጎመኑ አልሞተም ግን ቢጫ ሆነ፣ ዩሪያ ላድርግለት ወይ ብዬ እያሰብኩ ነው።

ሌላው ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ቤቱ ነው። የኋላው ክፍል ግድግዳ ከወለሉ ጀምሮ እስከ ጉልበት ድረስ እርጥብ ነው፣ ቀለሙ እየተላጠ ጥቁር ሻጋታ ይዞታል፣ ክፍሉም ይሸታል፣ ልጄ የምትተኛው እዛ ነው። ልብስ አይደርቅ፣ እንጀራ ሳይሰነብት ይሻግታል። እናንተ ይሄን ክረምት እንዴት ነው የምታሳልፉት በናታችሁ? አዳማ ላይ ቲማቲም ውሃ እያጠጣሁ ነበር የማሳድገው፣ እዚህ ደግሞ ውሃው ገደለብኝ። ጓሮው ጫፍ ላይ ያሉት ቡናዎችም ፍሬያቸው ጥቁር ጥቁር እያለ መርገፍ ጀምሯል።

የመንደራ ልጅ፦
እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው የሚያገኘው፣ የአዳማን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ደግሞ እንደሌላው አገር ሰኔ ገብቶ መስከረም ላይ ውልቅ የሚል ክረምት አይደለም፣ መጋቢት ሚያዝያ ላይ ይጀምርና አንዳንዴ ጥቅምትንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚ የአዳማውን የአተካከል ወቅት እዚህ ይዘሽ ከመጣሽ አይሆንም፣ ሐምሌና ነሐሴ እዚህ የቲማቲም ወር አይደለም።

እዚህ ሰው ጓሮው ላይ ምን እንዳለው ዞር ዞር ብለሽ እዪ። ጎደሬ፣ እንሰት፣ ሙዝ፣ የሐበሻ ጎመን፣ ቡና። ጎደሬን ብትወስጂ ሌላው ሁሉ የሚበሰብስበት ረግረግ ውስጥ ነው የሚያምርበት። ያ ታች ያለው ውሃ የሚተኛበት ቦታሽ የጎደሬ ቦታ ነው፣ ከርሞ ሚያዝያ ላይ ትከይበት፣ ዘሩን ማንም ጎረቤት ይሰጥሻል። ብቻ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ያሳክካል፣ እሱን ለማያውቅ ሰው መንገር ስላለብኝ ነው።

አረንጓዴ ጓሮ፦
በመጀመሪያ ዩሪያ አታድርጊ። ጎመንሽ ቢጫ የሆነው ማዳበሪያ አጥቶ ብቻ አይደለም፣ ሥሩ አየር አጥቶ ነው። አፈሩ በውሃ ሲሞላ አየሩ ከውስጡ ይወጣል፣ ሥሩ ካልተነፈሰ ደግሞ ምግቡ አጠገቡ እያለም መውሰድ አይችልም። በዚ ዝናብ የምትበትኚው ዩሪያ ታጥቦ አዌቱ ወንዝ ነው የሚገባው፣ ብርሽም አብሮ። ኪቶ ታች ያለው አፈር ብዙው ዋልካ፣ ማለትም ውሃ የሚይዝ ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው፣ ላይ ወደ ጅሬን ስትወጪ ያለው ቀዩ አፈር ውሃ ያሳልፋል፣ የእናንተው ግን ከጠጣ በኋላ ሊጥ ነው የሚሆነው። ስለዚ ጅሬን ያለ ሰው እኔ እንዲህ አድርጌ በቅሎልኛል ቢልሽ ላንቺ ላይሠራ ይችላል።

የቲማቲሙ ምልክት የሌት ብላይት ነው፣ ድንችንም የሚመታው ያው በሽታ ነው። ቅዝቃዜና ቅጠል ላይ ለሰዓታት የሚቆይ እርጥበት ካገኘ ማሳውን በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል፣ በ1845 የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ያን ሁሉ ሕዝብ ያስራበው ራሱ ነው። የታመመውን ነቅለሽ ቅበሪው እንጂ ብስባሽ ክምር ላይ አትጣይው። የቃሪያው ግን የሥር መበስበስ ነው፣ እሱ መድኃኒት ረጭተሽ የምትመልሺው አይደለም፣ ውሃው ካልወጣ እዛው ቦታ ላይ ሌላ ብትተኪም ይሞታል።

አሁን ማድረግ የምትችይው መደብ ከፍ ማድረግ ነው። ስፋቱ 1 ሜትር አካባቢ ይሁን፣ ከሁለቱም ጎን እጅሽ መሃሉ ድረስ እንዲደርስና መደቡን እንዳትረግጪው። ከፍታው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ በመሃል በመሃል ቦይ። የቦዩን አፈር እያወጣሽ መደቡ ላይ ትከምሪያለሽ፣ ብስባሽና ያረጀ ፍግ ትቀላቅያለሽ። ግን ጭቃ ሆኖ ሳለ አትቆፍሪ! አንድ እፍኝ አፈር ጨብጠሽ እዪው፣ ስትነኪው ከፈረሰ ቆፍሪ፣ ከተድቦለቦለ ተዪው፣ ዋልካን እርጥብ ሳለ የቆፈረ ሰው በጋ ላይ ጡብ ነው የሚያገኘው። ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ የምታወጣበት ጊዜ አይጠፋም፣ ያን ጠብቂ።

ግንበኛው፦
እኔ ስለ ተክል ብዙ አላውቅም ግን ግድግዳውን ታክኬ ተከልኩ ያልሽው ላይ ቆምኩ። እህቴ የጓሮሽና የግድግዳሽ ችግር አንድ ነው። አፈር ግድግዳ ላይ ሲደገፍ ከጣራ የሚወርደው ውሃ እዛው አፈር ውስጥ ይገባል፣ አፈሩ ይይዘዋል፣ ግድግዳው ከታች ይስበዋል። ለዛ ነው እስከ ጉልበት ብቻ የረጠበው። ከላይ ቢሆን ኖሮ ከጣራው ነው የሚጀምረው።

ለማረጋገጥ ከፈለግሽ ቀላል ዘዴ አለ። ደረቅ ጨርቅ ይዘሽ የግድግዳውን ላይ ጥረጊና ትንሽ የላስቲክ ቁራጭ ዙሪያውን በፕላስተር ግጥም አድርገሽ ለጥፊበት፣ ቢያንስ አንድ ቀን አቆይው። ላስቲኩን ስታነሺ ጀርባው ማለትም ግድግዳው በኩል ያለው ከረጠበ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው። ፊት ለፊቱ በክፍሉ በኩል ያለው ከረጠበ ደግሞ ከክፍሉ እርጥበት ነው፣ ልብስ ውስጥ ማስጣትና መስኮት ዘግቶ ማብሰል የሚያመጣው።

ከግድግዳው ከሆነ አፈሩን ከግድግዳው ቢያንስ 1 ሜትር አርቂው፣ የውጪው መሬት ከውስጡ ወለል 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ጣራው አሸንዳ አለው? ከሌለው አከራይሽን ለምኚ፣ እንዲያውም ከሁሉ በፊት እሱ ነው። ቤቱ የጭቃ ሆኖ ከላይ በሲሚንቶ የተለሰነ ከሆነ ደግሞ ጭቃው የጠጣው ውሃ መውጫ ያጣል፣ ስለዚ የተላጠውን የታች ልስን አራግፊውና ይተንፍስ። አሁን ቀለም የሚቀባልሽ ሰው ቢመጣ ገንዘብሽን አትስጪው፣ እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም አይቆይም። ልስኑም ቀለሙም ታኅሣሥ ጥር ላይ ይሁን፣ ሲደርቅ።

ኡሙ ሒክማ፦
የልጅቷን አልጋ ዛሬውኑ ከዛ ግድግዳ አርቂው የኔ እህት፣ ከተቻለ ሌላ ክፍል ትተኛ። ሻጋታውን ደረቁን በመጥረጊያ አትጥረጊው፣ ብናኙ ይነሳል፣ በሳሙና ውሃ ፈቅፍቂው ከዛ በረኪና በውሃ አቅጥነሽ ቀቢውና መስኮት ከፍተሽ ተዪው። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ እንዳትቀላቅይ።

አንድ ነገር ግን በአላህ ልለምንሽ፣ ክፍሉ ይድረቅልኝ ልብሱም ይድረቅ ብለሽ የከሰል ማንደጃ ክፍል ውስጥ አስገብተሽ በር ዘግተሽ እንዳትተኚ። እዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ከሰሉ ቀይ ሆኗል ጭስ የለውም ይላሉ፣ የሚገድለው ጋዝ እኮ አይታይም አይሸትም፣ ሰው እንቅልፍ ላይ እያለ ነው የሚይዘው። ልብስሽን በረንዳ ላይ ክፈፉ ስር ገመድ ወጥረሽ አራርቀሽ አስጪ፣ ሙቀት ባይኖርም ነፋሱ ያደርቀዋል። ብርድ ልብስ ሐምሌ ላይ አትጠቢ።

እንጀራውን ከምጣድ እንዳወጣሽው አትደራርቢው፣ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ላቡ ነው የሚያሻግተው። መሶቡንም ፀሐይ በወጣች ቁጥር አውጥተሽ ግልብጥ አድርገሽ አስጪው፣ ያለፈው ሻጋታ መሶቡ ውስጥ ካለ አዲሱን እንጀራ ይይዘዋል። በየጥቂት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ብትጋግሪ ይሻላል። በርበሬና ሽሮ በላስቲክ ውስጥ ሆኖ ጆንያ ላይ መሬት አይቀመጥ፣ እንጨት ላይ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው።

የዝናብ ውሃ በበርሜል የምታጠራቅሚ ከሆነም ግጥም አርገሽ ክደኚ። ጅማ ወባ አለ፣ ዋናው ጊዜው ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም ጀምሮ ነው፣ ግቢ ውስጥ የቆመ ኩሬ ካለ አሁኑኑ ይደፈን። አጎበርም ለልጅቷ።

ባለ ጓሮ፦
እኔ በክረምት ቲማቲም አይሆንም የሚባለው ላይ አልስማማም። ቦሳ ኪቶ ነው ያለሁት፣ ከላይ የላስቲክ ጣሪያ ሠርቼ ጎኑን ክፍት አድርጌ ነው የምተክለው፣ ማንኮዜብ የሚባለውን የሻጋታ በሽታ መከላከያም እረጫለሁ፣ ሐምሌም ነሐሴም ቲማቲም እበላለሁ። ዝናብ ቅጠሉን ካልነካው በሽታው ጉልበት ያጣል።

አረንጓዴ ጓሮ፦
@ባለ ጓሮ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ጣሪያው ነው ሥራውን የሠራልህ። ማንኮዜብ በሽታው ሳይገባ ቅጠሉን የሚሸፍን እንጂ የገባውን የሚፈውስ አይደለም፣ ዝናብም ያጥበዋል፣ ስለዚ ጣሪያ የሌለው ሰው እየረጨ እየታጠበ ነው የሚከርመው። እሷ ደግሞ የታመመ ተክል ላይ ነው ያለችው፣ አሁን ብትረጭ ለከንቱ ነው። የሚረጭ ሰው ሁሉ እባካችሁ ዕቃው ላይ የተጻፈውን የመጠበቂያ ቀን ሳትጨርሱ አትልቀሙ፣ ቲማቲም በጥሬው የሚበላ ነገር ነው፣ ልጆች አሉ።

@አዲስ ገቢ ላንቺ የሚሻለው ነሐሴ መጨረሻ ላይ በረንዳ ላይ ወይ ክፈፍ ስር በሣጥን ዘሩን አፍልተሽ ዝናቡ ሲቀንስ መስከረም መጨረሻ ጥቅምት ላይ አውጥተሽ መትከል ነው። አራርቀሽ ትከይ፣ በእንጨት ደግፊ፣ የታችኛውን ቅጠል አንሺ፣ ሥሩ ላይ ደረቅ ሳር አልብሺው አፈር ወደ ቅጠል እንዳይረጭ። አሁን ቲማቲምና ቃሪያ የነበሩበት ቦታ ላይ ግን አይሁን፣ ድንችም እንዳትተኪበት፣ ጎመንና ቆስጣ ይግባበት።

አዲስ ገቢ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ አልጋዋን ዛሬ አዛውረናል። ላስቲኩንም ለጥፌዋለሁ። አሸንዳ ከኋላ በኩል የለም፣ አከራያችንን እናናግራለን። ቡናውስ ምን ላድርገው? ደግሞ ማታ ማታ ጎመኑን የሚበላ ቀንድ አውጣ አለ፣ አመድ አድርጊ አሉኝ ጎረቤቴ ያሉት እናት።

አረንጓዴ ጓሮ፦
አመድ ደረቅ ሲሆን ይከለክላል፣ ዝናብ ከነካው በኋላ ግን ምንም አይደለም፣ በየቀኑ መጨመርም አትችይም። አመዱን ይልቅ ትንሽ ትንሽ መደቡ ላይ በትኚው፣ የጅማ አፈር ብዙው አሲዳማ ስለሆነ ይጠቅመዋል። ለቀንድ አውጣው ማታ እርጥብ ጆንያ መደቡ አጠገብ አንጥፊ፣ ጠዋት ከስሩ ተሰብስቦ ታገኚዋለሽ፣ ልቀሚው። የጠላ አተላ በሰፊ ዕቃ አፈር ውስጥ ቀብረሽ ብታስቀምጪም ይገባበታል።

ቡናውን በተመለከተ፣ አረንጓዴ ፍሬ ላይ ጥቁር የሰረጎደ ነጠብጣብ ከሆነ ሲቢዲ ነው፣ የቡና ፍሬ በሽታ። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያኔ ገበሬው እጅግ ተጎድቶ ነበር። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ከየጫካውና ከየገበሬው ማሳ በሽታው ያልበገራቸውን ዛፎች መርጦ ነው መፍትሔ ያመጣው፣ 74110 እና 74112 የሚባሉት ከነዛ ናቸው፣ 74 የሚለው የተመረጡበት 1974 ነው። ይሄ የተሠራው እዚሁ አጠገባችን መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፣ እኔን ሁሌም ያኮራኛል። ያንቺዎቹ ያረጁ ከሆኑ የረገፈውንና ዛፉ ላይ የደረቀውን ፍሬ ለቅመሽ ቅበሪ፣ የጥላውን ዛፍ ቅርንጫፍ ትንሽ ቀንሺውና አየር ይግባው። መተካት ካሰብሽ አሁን የመትከያው ወቅት ነው፣ ችግኙን ግን በሽታ የሚቋቋም ዘር መሆኑን ጠይቀሽ ውሰጂ።

አዲስ ገቢ፦
እሺ። ግንበኛው አንድ ጥያቄ፣ ቦዩን ብቆፍር ውሃው የሚሄደው ወደ ታችኛው ጎረቤት ግቢ ነው፣ መሬቱ ወደዛ ነው የሚያዘቀዝቀው። ወዴት ላውጣው?

ግንበኛው፦
ወደ ሰው ግቢማ አይሆንም፣ የሰው ግድግዳ ታረጥቢያለሽ፣ ክረምት ላይ የሰፈር ጠብ ግማሹ ከዚህ ነው የሚመጣው። ቦዩን በአጥሩ ውስጥ ጎን ለጎን ወስደሽ ወደ መንገዱ ማፋሰሻ አውጪው። በገመድና በውሃ ልክ እዪው፣ በየ1 ሜትሩ 1 ወይ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ውሃው ይሄዳል፣ ከዛ በላይ ካዘቀዘቅሽው አፈሩን ይሸረሽረዋል። የቦዩ ጠርዝ እንዳይናድ ቬቲቨር ሳር ትከይበት፣ ሥሩ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ወደ መንገዱ የሚያወጣ ቦታ ከሌለ ከታችኛው ጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ አንድ የጋራ ቦይ ቁፈሩ፣ እነሱም ያው ውሃ ሳያስቸግራቸው አይቀርም። መንገዱ በየት በኩል እንደሆነና አጥሩን ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው፣ አይቼ እነግርሻለሁ።