ተጫዋቾቼ አድባሯን በመጥረቢያ ጨረሷት፤ ምን ላድርግ?

ባለዳይሱ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአራት ጓደኞቼ ጋር በዳይስ የምንጫወተው የምናብ ጨዋታ አለን፤ ዓለሙን የምፈጥረው እኔ ነኝ። መንደሩ መሀል አድባር ያለችበት ዋርካ፣ በየቤቱ ደግሞ ቆሌ አስገባሁ። ባለፈው ዋርካዋ ጋ እንደደረሱ «ስንት ነፍስ አላት?» አሉኝ። 30 ነጥብ ነበራት፤ በሦስት ዙር ጨረሷት! የቤቱን ቆሌ ደግሞ ሱቅ አደረጉት፦ ዳቦ ያስቀምጣሉ፣ ዳይሳቸው ላይ 2 ይጨመርላቸዋል። እንዴት ላስተካክለው?

ቄጤማ፦ ጥፋቱ የ30ው ነጥብ ነው። ነጥብ ያለው ነገር ይመታል፣ ሌላ ምን ያድርጉት? አማርኛው ራሱ ሕጉን ሰጥቶሃል እኮ። «ውቃቢ የራቀው»፣ «ቆሌው የተገፈፈ» እንላለን። ቆሌ ሞተ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? ግንዱ ይውደቅ፤ ከዚያ ወዲያ ግን በዚያ አገር ማንም አያምናቸው። ሲደራደሩ ዳይሱን ሁለቴ ወርውረው ትንሹን ይውሰዱ። ምክንያቱን አንተ አትንገራቸው፣ አንዲት ባልቴት ትንገራቸው።

የእትዬ ልጅ፦ አያቴ ዋርካ ሥር ቅቤ ስትቀባ አይቻለሁ። የሰው እምነት ነውና እኔ ብሆን ስሙን እቀይር ነበር።

ቄጤማ፦ መቀለድ ሌላ፣ መጫወት ሌላ። ስሙ ይቆይ።

ምድጃ ዳር፦ ለቤቱ ቆሌ የሩሲያዎቹን የቤት መንፈስ፣ ዶሞቮይን እይ። የሚኖረው ከምድጃው ጀርባ ነው። ቤተሰቡ ቤት ሲቀይር ከአሮጌው ምድጃ ፍም በማሰሮ ይዞ «አብረኸን ና» ብሎ ይጠራዋል። እኛ ይህን ተጫውተነዋል፦ ፍሙ ሳይጠፋ ወንዝ መሻገር ነበረብን፣ ዝናብ ጀመረ፣ አንዱ ማሰሮውን በጋቢው ሸፍኖ ጋቢውን አቃጠለ። (የጨዋታውን ጋቢ ማለቴ ነው።) ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ቆሌ የሚነካብን የለም። ለፍተውበታላ።

በረካ፦ ሱቁን በቡና ዝጋው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሽልማቱ በረካ ላይ ብቻ ይሁን። እያንዳንዱ ዙር በጨዋታው አንድ ሰዓት ይፍጅ፣ ጠላት ደግሞ ያን ጊዜ ይቅረብ። አንዱ በቶና ተነሥቶ ከወጣ ለማንም የለም።

ባለዳይሱ፦ ተባረኩ! ዋርካዋ ግን ወድቃለች። አድባሯን የምመልስበት መላ አለ?

ቄጤማ፦ አድባር በግዕዝ የደብር ብዙ ነው፣ ተራሮች ማለት። ወደ ተራራው ተመልሳለች በላቸው። ይውጡና ይለምኗት።

ባለዳይሱ፦ መጥረቢያውን የያዘው ልጅ ግን አስማተኛ መጥረቢያ ነው፣ አልለቅም ይላል።

በረካ፦ እንግዲያው አድባሯ ለመመለስ የምትጠይቀው መጥረቢያውን ነው።