ነጭ የሀበሻ ቀሚስ በስልክ ሳነሳው ለምን ግራጫ ይሆናል?

ጥለት ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። የሀበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና የብር መስቀል በቴሌግራም እሸጣለሁ። ካሜራ የለኝም፤ የማነሳው በስልክ ነው። ነጩ ፈትል ግራጫ አንዳንዴም ሰማያዊ መስሎ ይወጣል። ቀዩ ጥለት ክሩ ሳይለይ አንድ ወጥ ቀለም ይሆንና ደንበኞች «ህትመት ነው ወይስ የእጅ ሽመና?» እያሉ ይጠይቁኛል። መስቀሉ ላይ ደግሞ ስልኩና እጄ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ክፍሉ አንድ መስኮት አለው፣ ግድግዳው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው፣ ኮርኒሱ ላይ አንድ አምፖል አለ። ማውጣት የምችለው 1,500 ብር ገደማ ነው። ሪንግ ላይት (ክብ መብራት) ልግዛ ወይስ ከእሱ የሚቀድም ነገር አለ?

ባለ መስኮቱ

እህቴ፣ ሪንግ ላይቱን ለጊዜው ተይው። ብርሃኑ ከሌንሱ ዙሪያ ተነስቶ ፊት ለፊት ስለሚመታ ጥላ አያስቀርም። ሽመና ሽመና የሚመስለው ደግሞ በክርና በክር መሀል በምትወድቀው ትንሽ ጥላ ነው። ጥለትሽ ህትመት የመሰለበት ምክንያት ይኸው ይመስለኛል፤ ምናልባት ለመስኮቱ ጀርባሽን ሰጥተሽ ነው የምታነሺው። ቀሚሱን ከመስኮቱ ጎን ስቀይው፤ ብርሃኑ ከግራ ወይም ከቀኝ ገብቶ ጨርቁን ገረፍ አድርጎ ይለፍ። ከመስኮቱ ከ80 ሴንቲሜትር እስከ አንድ ሜትር ይራቅ። ከዚያ በላይ ከተጠጋ አንዱ ወገን ይነጣና ሌላው ይጨልማል፣ ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቁጥር በፍጥነት ይደክማልና።

የኮርኒሱን አምፖል አጥፊው። የአምፖሉ ብርሃን ወደ ቢጫ፣ የመስኮቱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ ስልኩ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማረም አይችልም፤ ነጩ በአንድ በኩል ቢጫ፣ በሌላ በኩል ሰማያዊ ይሆናል። አረንጓዴው ግድግዳም ቀላል ችግር አይደለም። ከመስኮቱ የገባው ብርሃን እሱን ነክቶ ሲመለስ አረንጓዴውን ይዞ ጨርቁ ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ጥላው ላይ ብቻ ስለሆነ በኋላ ማረም ያስቸግራል። ስለዚህ ከመስኮቱ ትይዩ፣ በቀሚሱ ማዶ፣ ነጭ አንሶላ ወይም ትልቅ ነጭ ካርቶን አቁሚ። ግድግዳውንም ይሸፍናል፣ ጥላውንም ያሳሳዋል። አልሙኒየም ፎይል የሚመክሩ አሉ፤ ለጨርቅ ግን ጥሩ አይደለም፣ የሚመልሰው ብርሃን የተቆራረጠ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ስልክ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። ነጭ ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል። ጨርቁ ላይ ጣትሽን ተጭነሽ ያዥ፣ የቁልፍ ምልክት ወይም ኤኢ/ኤኤፍ ሎክ የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ከጎኑ የሚወጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ሳቢው። ፕሮ ሞድ (ሁሉን በእጅ የምታስተካክዪበት የካሜራ ክፍል) ካለሽ የብርሃን መጠኑን ከ+0.7 እስከ +1 ከፍ ማድረግ ይበቃል። የክሩ መስመር መጥፋት ከጀመረ አልፈሻልና ትንሽ መልሺው፤ ነጥቶ የጠፋ ዝርዝር በምንም አይመለስም። ነጭ ቀሚስ ከነጭ ግድግዳ ፊት አትስቀይ፣ ጠርዙ ይጠፋል። ቡናማ ወይም ግራጫ ጨርቅ አንድ ሜትር ያህል ከኋላው ዘርጊ።

ገንዘቡን የስልክ ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ግዢበት። በ3 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ አንሺ፣ ስልኩን ስትነኪው ይንቀጠቀጣልና።

ሸማ ወዳድ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የመስኮቱን አቅጣጫ ልጨምር። ኢንተርኔት ላይ «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ምረጡ» የሚለው ምክር ለአውሮፓና ለአሜሪካ የሚሠራ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። እዚህ የሚያዋጣው ሰዓት መምረጥ ነው፤ መስኮትሽ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ከሰዓት፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ ጠዋት አንሺ። ፀሐይ ራሷ ወለሉ ላይ ካረፈች ስስ ነጭ መጋረጃ ጋርጂ። የክረምት ደመና ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው፣ ግን ብርሃኑ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ በየፎቶው መቆለፊያውን አድሺ።

ስልኩን የቀሚሱ ወገብ ልክ ላይ አድርጊው። ቆመሽ ከዓይንሽ ከፍታ ስታነሺ ትከሻው ይሰፋና ታችኛው ጥለት ይጠብባል፣ ገዢ ቀሚሱ አጭር ይመስላታል። ሁለት ሜትር ራቂና 2× ተጠቀሚ፤ ይሄ የሚሠራው ስልክሽ ለብቻው የሚያቀርብ ሌንስ ካለው ነው፣ ከሌለው በ1× አንሺና ኋላ ቁረጪው። 0.5×፣ ማለትም ሰፊው ሌንስ፣ ለልብስ አይሆንም። ፖርትሬት ሞድም አይሆንም፣ የነጠላውን ዘርፍ ከጀርባው ጋር አብሮ ያደበዝዘዋል።

ለቀዩ ጥለት ለብቻው የቅርብ ፎቶ አንሺ፣ በዚህኛው ግን የስልኩን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ታች ሳቢው። ደማቅ ቀይ ከሌላው ቀለም ቀድሞ ይሞላና ዝርዝሩ ይዋጣል። ስልኩ ቀለም የሚያደምቅበት ምርጫ ካለው አጥፊው። ወርቀ ዘቦ ያለበትን ጥለት ስታነሺ ጨርቁን ቀስ እያልሽ አዙሪው፤ ክሩ የሚያበራባት አንድ ማዕዘን አለች። ስስ ፈትል ላይ በዓይን የማይታይ የቀስተ ደመና ሞገድ ፎቶው ላይ ከመጣ፣ የክሩ ድርድር ከካሜራው ነጥቦች ጋር ተጋጭቷል ማለት ነው። ግማሽ ሜትር ቅረቢ ወይም ራቂ፣ ይጠፋል።

ከሁሉ በፊት ግን ቀሚሱን በካውያ ተኩሺው። ከጎን የመጣ ብርሃን ሽመናውን እንደሚያሳየው ሁሉ ጭምትርትሩንም አይምርም።

ብር አንጣሪ

ስለ መስቀሉ ልመልስ። የተወለወለ ብር መስታወት ነው፤ የምታነሺው ብሩን ሳይሆን ብሩ የሚያየውን ነው። ስለዚህ ዙሪያውን ነጭ እንዲያይ አድርጊው። ወደ 40 ሴንቲሜትር የሚሆን ካርቶን ውሰጂ፣ ሁለቱን ጎንና ላዩን 3 ሴንቲሜትር ጠርዝ አስቀርተሽ ቁረጪ፣ ክፍቱ ላይ አርክቴክቶች የሚስሉበትን ትሬሲንግ ወረቀት ለጥፊ። አንዱን ጎን ወደ መስኮቱ አዙሪው። ፊቱን በነጭ ወረቀት ሸፍኚና የሌንሱን ያህል ቀዳዳ አውጪለት፤ ስልኩ ከወረቀቱ ጀርባ ሲሆን እጅሽም ልብስሽም አይታይም።

ውስጡ ወረቀት ስትዘረጊ እንዳታጥፊው። ከኋላው ግድግዳ ጎበጥ ብሎ ይውረድ፣ የማዕዘን መስመር እንዳይኖር። መስቀሉን ከጀርባው በትንሽ ፕላስቲሲን (ልጆች ቅርጽ የሚሠሩበት ሊጥ መሰል ነገር) ደግፈሽ ጥቂት አዘንብይው፤ ቀጥ ካለ ቀዳዳውን ራሱን ያሳያል።

ሁሉም ነጭ ሲሆን ግን ብሩ እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል። 2 ሴንቲሜትር ስፋት ያላት ጥቁር ወረቀት ከፍሬሙ ውጭ በአንድ ጎን አቁሚ። ጠርዙ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይመጣል፣ ቅርጹም ጎልቶ ይወጣል። ወረቀቷን አንድ ሁለት ሴንቲሜትር በማንቀሳቀስ ብቻ መስመሩ ከቅርጹ ወደ ቅርጹ ሲዞር ታያለሽ፤ ጊዜሽን እዚህ ላይ ስጪ። አንዳንድ ስልኮች በጣም ሲጠጉ በራሳቸው ወደ ሰፊው ሌንስ ይቀይራሉ፣ ጥራቱም ይወርዳል፤ 25 ሴንቲሜትር ያህል ራቂና ፎቶውን ኋላ ቁረጪው። መስቀሉን በጨርቅ ያዥው፣ የጣት አሻራ ፎቶ ላይ ከዓይን ይልቅ ይጎላል።

ጥለት ቤት

በጣም አመሰግናለሁ። ማታ ማንሳት ግዴታ ሲሆንብኝስ? በኤልኢዲ አምፖል ስሞክር ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ይመጣሉ።

ባለ መስኮቱ

መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ዓይን አያየውም፣ ፈጣን ሸተር (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ሲያጥር) ግን ይይዘዋል። በፕሮ ሞድ ሸተሩን 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አድርጊው፣ መስመሩ ይጠፋል። ስልኩ ትሪፖድ ላይ ስለሆነ 1/50 አያደበዝዝም። አምፖሉንም ከኮርኒስ አውርደሽ ከጎን፣ በትሬሲንግ ወረቀት በኩል አብሪው፤ ወረቀቱ አምፖሉን አይንካ። ነጭ ሚዛኑን (ነጩ ነጭ እንዲመስል ቀለም ማረሚያውን) በስናፕሲድ፣ በፎቶ ማስተካከያው መተግበሪያ፣ ስታስተካክዪ በጠብታ ምልክቷ የምትነኪው ራሱን ፈትሉን አይሁን፣ ፈትል በተፈጥሮው ወደ ክሬም ያደላል። መጀመሪያ አንድ ፎቶ ግራጫ ካርድ (ለቀለም ማረሚያ የሚሠራ ወጥ ግራጫ ካርድ) አስገብተሽ አንሺና እሱን ንኪ። የኤ4 ወረቀትም አይታመንም፣ ብዙው ማንጫ ስላለበት ራሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ እሱን ከነካሽ ፎቶው ቢጫ ይሆንብሻል።

ቻናሉ ላይ እንደተለመደው ፎቶ አድርገሽ ለጥፊ። የጥለቱን ዝርዝር ለጠየቀ ደንበኛ ግን እንደ ፋይል ላኪለት፤ ቴሌግራም ፎቶን ሲልክ ይጨምቀዋል፣ የሚጠፋው ደግሞ የክሩ መስመር ነው።