ኖርዌይ ውስጥ ለመኖር ቋንቋው ምን ያህል ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖቼ። ከሁለት ወር በኋላ የአራት ዓመት ሴት ልጄን ይዤ ስታቫንገር ወደሚሠራው ባለቤቴ ልሄድ ነው። እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ ኖርዌይኛ ግን አንድ ቃል አላውቅም። «እዚያ ሁሉም እንግሊዝኛ ይናገራል» ይሉኛል። እውነት ለዕለት ኑሮ ይበቃኛል?

የኦስሎው፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ለሱቅ፣ ለአውቶቡስ፣ ለባንክ ይበቃሻል። ገንዘብ ተቀባይዋ «ፖሰ?» ካለችሽ ፌስታል ትፈልጊያለሽ ወይ ማለቷ ነው። የሚያስቸግረው ደብዳቤ ነው። ብዙው የሚመጣው በኖርዌይኛ ነው። እኔ አንዱን አልገባኝም ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ቀኑ አለፈና ተጨማሪ ክፍያ መጣብኝ። በስልክሽ አስተርጉሚና የዚያኑ ቀን አንብቢው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ስታቫንገር፦
እኔ ስለ ልጅሽ ልንገርሽ። መዋዕለ ሕፃናት («ባርነሃገ» ይሉታል) ስትገባ ቋንቋውን ካንቺ ቀድማ ትይዘዋለች። የኔዋ በሦስተኛው ሳምንት ጫማ ላደርግላት ስል «ሾል! ሾል!» እያለች እግሯን ትሰበስባለች። አሟት መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ «ራሴ ላድርገው» ማለቷ ነው! አስተማሪዋ ስትነግረኝ ዓይኔ እንባ ሞላ። በዚያው ሳምንት ኮርስ ተመዘገብኩ። ደግሞ ኮርሱ ላይ «እኔ» ለማለት «ያይ» ተማርኩ፤ እዚህ ሰፈር ግን «ኤግ» ነው የሚሉት። አትደናገሪ፣ ጆሮሽ ይለምደዋል።

ነርሷ፦
ሥራ ካሰብሽ ነገሩ ሌላ ነው። የነዳጅ ዘርፉ በእንግሊዝኛ የሚሠራበት ቦታ አለው። ሕመምተኛና አረጋውያን ጋር ግን ያለ ቋንቋው አይሆንም። ለዜግነትም በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2022 ጥቅምት (ኦክቶበር) ወዲህ በመደበኛነት በንግግር ቢ1 የሚባለው መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ይጠየቃል። ሐኪም ቤት ስትሄጂ ካልተግባባችሁ አስተርጓሚ ማቅረብ የእነሱ ግዴታ ነው። ቀጠሮ ስትይዢ «ቶልክ እፈልጋለሁ» በይ። ልጅሽ ስታድግ እሷን አስተርጓሚ እንዳታደርጊያት፤ ሕጉም ይከለክላል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮርሱ በነፃ ነው?

ነርሷ፦
ባልሽ እንደያዘው የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነት ነው። ጥገኝነት አግኝቶ ከሆነ ነፃ የመማር መብት አለሽ። ከአውሮፓ ውጪ መጥቶ በሥራ ፈቃድ ከሆነ ግን ከፍላችሁ ነው። ለማንኛውም ኮሙነውን (የአካባቢውን ማዘጋጃ ቤት) ጠይቁ። እስከዚያ ቁጥርና ሰዓት አጥኚ። «ሃል ቱ» ካሉሽ፣ ቱ ሁለት ቢሆንም፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 1:30 ነው እንጂ 2:30 አይደለም። እኔ የመጀመሪያው ቀጠሮዬ ያመለጠኝ በዚህ ነው።