አባቴን ዊንዘር ልወስዳቸው ነው፤ የልዑል ዓለማየሁን መታሰቢያ ለማየት የትኛው ቀን ይሻላል?

ጠያቂ፣ ከለንደን፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በሚቀጥለው ወር ከጎንደር ወደዚህ ይመጣሉ። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ገና ቪዛቸው ሳይወጣ ጀምሮ የሚያነሡት ነገር ቢኖር የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ያረፈበትን የዊንዘርን ግንብ ማየት ነው። እኔ ሥራ የማልገባው እሑድ ብቻ ስለሆነ በዚያው ቀን ልወስዳቸው አስቤአለሁ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዳገት ይከብዳቸዋል። ከዚህ ቀደም የሄዳችሁ፣ የትኛው ባቡር እንደሚሻል፣ መቃብሩ ዘንድ መድረስ ይቻል እንደሆነና አንድ ቀን ይበቃ እንደሆነ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከስላው ነዋሪ፦
ወንድሜ፣ እሑድን ይተዉት። ግንቡ እሑድ ክፍት ቢሆንም፣ የልዑሉ መታሰቢያ ያለበት የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት በዚያ ቀን የሚከፈተው ለጸሎት ለሚመጡ ምእመናን እንጂ ለጎብኚ አይደለም። ማክሰኞና ረቡዕ ደግሞ ግንቡ ራሱ ለጎብኚ ይዘጋል። እኔ ይህን ሳላጣራ እንግዶች ይዤ በእሑድ ሄጄ፣ የነገሥታቱን አዳራሾች አሳይቼ ዋናውን ነገር ሳላሳይ ተመልሻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያሙኛል። ቅዳሜን ካላገኙ ሐሙስ ወይም ዓርብ ፈቃድ ቢጠይቁ ይሻላል። ጸሎት ቤቱ ለማታው ጸሎት ስለሚዘጋጅ ከግንቡ ቀደም ብሎ ለጎብኚ ይዘጋልና ጠዋት ይግቡ።

ባቡርን በተመለከተ፣ ከዋተርሉ ሳይቀይሩ የሚያደርሰው መስመር የሚቆመው ወንዙ ዳር ነው፤ ከዚያ ወደ ግንቡ ያለው መንገድ ዳገት ነው። ለአባትዎ የሚሻለው ከፓዲንግተን እስከ ስላው መጥቶ፣ እዚያ ትንሿን ባቡር መያዝ ነው። ስድስት ደቂቃ ያህል ተጉዛ ግንቡ ፊት ለፊት ታወርዳችኋለች። በውስጥም ቢሆን ጉብኝቱ የሚጀምረው ከላይ ሆኖ ጸሎት ቤቱ ታች በመሆኑ፣ አብዛኛው መንገድ ቁልቁለት ነው።

መልስ፣ ከሊድስ፦
ስለ መቃብሩ ግን አባትዎን አስቀድመው ቢያዘጋጁአቸው መልካም ነው። ልዑሉ የተቀበረው ከጸሎት ቤቱ ውጭ፣ ከምድር በታች ባለ የመቃብር ዋሻ ሲሆን ጎብኚ እዚያ አይደርስም። የሚታየው በጸሎት ቤቱ ውስጥ ያለው የናስ ጽሑፍ ነው፤ ከልደቱና ከሞቱ ቀን በታች ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደው «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» የሚለው ቃል ተጽፎበታል። ከአባቱ ሞትና ከመቅደላ መያዝ በኋላ በሰባት ዓመቱ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በመንገድ ሞተውበት፣ ወደ እንግሊዝ ለተወሰደ ሕፃን ይህ ጥቅስ መመረጡ እኔን ሁልጊዜ ይከነክነኛል። በእኔ ከተማ በሊድስ፣ ኅዳር 1872 ዓ.ም. (በእነርሱ አቆጣጠር 1879) ሲሞት ገና 18 ዓመቱ ነበር፤ በዊንዘር የተቀበረውም በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት አፅሙ እንዲመለስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠይቋል፤ በ2023 ግን ቤተ መንግሥቱ፣ በዚያው ያረፉትን የሌሎችን አፅም ሳይነኩ የእርሱን ማውጣት አይቻልም የሚል ምላሽ ሰጥቷል። አባትዎ የታሪክ መምህር ከሆኑ ይህን ያውቁታል፤ ሆኖም «መቃብሩ የት አለ?» ብለው በሩ ላይ እንዳያዝኑ ነው የምጽፈው። ናሱ ትንሽ በመሆኑ በቀላሉ ይታለፋል፤ አስተናጋጆቹን ቢጠይቁ ያሳይዎታል። በጸሎት ቤቱ ውስጥ ፎቶ ማንሣት አይፈቀድም።

መልስ፣ ከሬዲንግ፦
አንድ ቀን ይበቃል፣ ሁሉን ልይ ካላሉ። ግንቡን ድል አድራጊው ዊሊያም እ.ኤ.አ. በ1070 ገደማ ያስጀመረው ሲሆን፣ ዛሬም ንጉሡ የሚኖሩበት ስለሆነ እንደ ጎንደሩ ፋሲል ግንብ ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የተነሣው እሳት ከ100 በላይ ክፍሎችን ጎድቶ ነበር፤ አምስት ዓመት የፈጀው ጥገና ግን እጅግ የተዋጣ ስለሆነ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ አዳራሽ የእንጨት ጣሪያ አዲስ መሆኑን ካልተነገረዎ አያውቁትም። ከመቅደላ የተወሰዱ የብራና መጻሕፍትም በግንቡ መጻሕፍት ቤት አሉ፤ ያ ክፍል ግን በጉብኝቱ መስመር ውስጥ የለም። ከተማውን ለማየት ድልድዩን ተሻግሮ እስከ ኢተን መሄድ ይበቃል፤ መኪና ስለማያልፍበት ለሽማግሌ ይመቻል። ረጅሙን የዛፍ ጎዳና ግን ከ4 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ከበሩ ቆሞ ማየት ነው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሐሙስ ፈቃድ ጠይቄ አግኝቻለሁ። መቃብሩ እንደማይታይ ለአባቴ በስልክ ስነግራቸው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እንግዲያው ናሱ ዘንድ ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት እደግምለታለሁ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ ስለ ትንሿ ባቡር ብቻ ነው።