የተማሪ ፊልሞች ውድድር፦ የሃያሲያንና የተማሪ ዳኞች ድምፅ እንዴት ይደመር?

ጥያቄ፦ የፔዳ ተማሪ

ባሕር ዳር ውስጥ ለምናዘጋጀው የተማሪዎች አጫጭር ፊልሞች ፌስቲቫል የዳኝነቱን ደንብ ከሚያረቁት ተማሪዎች አንዷ ነኝ። የፊልም ሃያሲያንና ተማሪዎች አብረው እንዲዳኙ ተስማምተናል፤ ያልተስማማነው በነጥቡ ላይ ነው። ረቂቁ ለሃያሲያን 60 በመቶ፣ ለተማሪዎች 40 በመቶ ይሰጣል። ልምድ ሊከበር ይገባል የሚለውን እቀበላለሁ። ነገር ግን የሐይቁን ዳርቻ ሕይወት የሚያሳይ ፊልም ሲቀርብ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ሃያሲ ጀምበር ስትጠልቅ የተቀረጸችውን ታንኳ ውበት ያደንቅ ይሆናል፤ እዚሁ ያደገ ተማሪ ግን ቀዛፊ ሆኖ የሚተውነው ሰው ቀዝፎ እንደማያውቅ ወዲያው ያያል። ይህ እይታ እንዳይዋጥ እሰጋለሁ። ተማሪ ለጓደኛው ያዳላል የሚለው ስጋትም ከባድ ሆኖ ይታየኛል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ሲኒማ ወዳድ

ውድ እኅቴ፣ እኔ ሁለቱን ወገኖች ጨርሶ ባትደምሯቸው እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1930 የተመሠረተው ፊፕሬሲ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊልም ሃያሲያን ፌዴሬሽን፣ በካንና በሌሎች ፌስቲቫሎች ከዋናዎቹ ዳኞች ተለይቶ የራሱን ሽልማት ይሰጣል። የእኛው «ድፍረት» ፊልምም እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ያገኘው የተመልካቾችን ሽልማት ነበር፤ ሽልማቱ ከዳኞች አለመምጣቱ ክብሩን አልቀነሰበትም። የሃያሲያን ሽልማትና የተማሪ ዳኞች ሽልማት ብላችሁ ብትለዩት አንዱ ወገን በሌላው አይዋጥም።

መልስ፦ የሒሳብ መምህር

ሽልማቱን ብትለዩትም ባትለዩትም፣ የ60 ለ40 ክፍፍል በወረቀት ላይ የሚታየውን ያህል እንደማይሠራ ልብ በሉ። የዳኛን ድምፅ የሚያከብደው የተመደበለት መቶኛ ብቻ ሳይሆን፣ ነጥቦቹን ምን ያህል አራርቆ እንደሚሰጥም ጭምር ነው። ሃያሲ ያልወደደውን ፊልም ዝቅ አድርጎ ለመመዘን ብዙም አይቸገርም፤ ተማሪ ግን ነገ ክፍል ውስጥ የሚያገኘውን ጓደኛውን ላለማስከፋት ሲል ሁሉንም ከ80 እስከ 90 ባለው ውስጥ ሊያጭቃቸው ይችላል።

ለምሳሌ ሃያሲያኑ በአማካይ ስለ እምቦጭ አረም ለተሠራ ዘጋቢ ፊልም 85፣ ስለ አንድ ዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ለተሠራ ልብ ወለድ ፊልም ደግሞ 55 ሰጡ እንበል። ተማሪዎቹ በተቃራኒው ለመጀመሪያው 80፣ ለሁለተኛው 90 ሰጡ። በረቂቃችሁ መሠረት ሲሰላ ውጤቱ 83 ለ69 ይሆናል። የሃያሲያኑ የ30 ነጥብ ልዩነት በ60 በመቶ ሲባዛ 18 ነጥብ ሲሆን፣ የተማሪዎቹ የ10 ነጥብ ልዩነት በ40 በመቶ ሲባዛ 4 ነጥብ ብቻ ነው። 40 በመቶ ድምፅ አላችሁ የተባሉት ተማሪዎች በዚህ ውጤት ላይ የነበራቸው ጫና ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አልሞላም።

ስለዚህ ከመቶ ነጥብ መስጠቱ ቀርቶ እያንዳንዱ ዳኛ ፊልሞቹን በደረጃ ያስቀምጥ። ለፍጻሜ አሥር ፊልሞች ከቀረቡ አንደኛው 10፣ ሁለተኛው 9 እያለ እስከ 1 ይወርዳል። ያኔ ነጥብ የሚለግሰውም የሚቆጥበውም ዳኛ እኩል ይመዝናሉ። ዘዴው በጥቂቱ የሚበላለጡ ፊልሞችን እጅግ ከሚራራቁት አይለይም፤ ይህንን ጉድለት የሚሞላው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የሚደረግ ውይይት ነው።

መልስ፦ የዘጌ ልጅ

የደረጃውን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ሽልማቱን መለየቱን ግን አልደግፍም። የሃያሲያን ሽልማት በትልልቆቹ ፌስቲቫሎች ክብር ያገኘው በብዙ ዓመታት ነው፤ በጀማሪ ውድድር «የተማሪ ዳኞች ሽልማት» ማጽናኛ መስሎ እንዳይታይ እፈራለሁ። ደግሞስ ሃያሲውና ተማሪዋ ካልተነጋገሩ አብሮ መዳኘቱ ምን ይጠቅማል? ስለ ቀዛፊው ያየችውን እርሱ ይስማ፤ እርሱም ንግግሩ በሐይቁ ነፋስ ቢሸፈንም ምስሎቹ ታሪኩን እንዴት ተሸክመው እንደዘለቁ፣ ወይም ኤዲቲንጉ የት ላይ እንደላላ ያስረዳት።

በውይይቱ ግን ተማሪዎች ቀድመው ይናገሩ። በእኛ አስተዳደግ ታላቅ ሐሳቡን ከሰጠ በኋላ ታናሽ ተነሥቶ መቃወሙ እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር፣ ሃያሲው ከቀደመ የተማሪዎቹ እውነተኛ ፍርድ ሳይሰማ ይቀራል። ስለ አድልዎ ለተነሣው ደግሞ፣ ማንኛውም ዳኛ፣ ሃያሲም ቢሆን፣ ያስተማረው ወይም አብሮት የሠራ ሰው ባቀረበው ፊልም ላይ ድምፅ አይስጥ፤ በዚያ ፊልም ላይ ውይይት ሲደረግም ከክፍሉ ይውጣ።

የፔዳ ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የደረጃ አሰጣጡንና የንግግሩን ቅደም ተከተል ለኮሚቴው አቀርባለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ዳኛው ከአንድ ፊልም ከራቀ ያ ፊልም የእርሱን ነጥብ አጥቶ ወደ ኋላ አይቀርም?

የሒሳብ መምህር

ድምሩን ብቻ ካያችሁ ይቀራል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ፊልም ድምር ለፊልሙ ደረጃ በሰጡት ዳኞች ቁጥር አካፍሉና አማካዩን አወዳድሩ። የራቀው ዳኛ ዘጠኝ ፊልሞችን ብቻ ስለሚያስቀምጥ ጥቂት መዛባት ይኖራል፤ ሁለት ፊልሞች በጣም ከተቀራረቡ ግን ሁለቱንም ሊዳኙ የሚችሉት ብቻ እንደገና ድምፅ ይስጡባቸው። ደንቡ ፊልሞቹን መቀበል ከመጀመራችሁ በፊት ታትሞ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ተወዳዳሪዎቹን ካወቃችሁ በኋላ የሚወጣ ደንብ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ለአንዱ ተብሎ የወጣ ይመስላል።