የኋላ ፍሬን ሸራ ልቀይር ብዬ ፒስተኑ አልገባ አለኝ

ኮሮላው፦
ሰላም ነው? መኪናዬ 2010 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ ከኋላም ዲስክ ያላት። ሰሞኑን ከፒያሳ በቸርችል ቁልቁል ስወርድ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከኋላ ሲጥጥ ትላለች። ጎማውን ፈትቼ ሳየው በቀኝ በኩል የውስጠኛው ሸራ 2 ሚሊ እንኳ አልቀረውም፣ የውጪው ግን ገና ነው። ሶማሌ ተራ ሄጄ አዲስ ሸራ ገዛሁ። የፊቱን ራሴ ቀይሬ ስለማውቅ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው ብዬ ነበር የገባሁበት። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን በሞርሳ ብጨምቀው ብጨምቀው ንቅንቅ የለም። ጎረቤቴ በመዶሻ በለው ይለኛል፣ አከራዬ ደግሞ በሩን ዘጋህብን እያሉ ነው። ምን ይሻለኛል?

የሰፈር መካኒክ፦
ኧረ መዶሻውን አስቀምጠው! እሱ ተገፍቶ አይገባም፣ እየዞረ ነው የሚገባው። የእጅ ፍሬኑ ካሊፐሩ (ሸራውንና ፒስተኑን የያዘው ብረት) ውስጥ ስለሆነ ፒስተኑ እንደ ቡሎን ጥርስ አለው፤ በግድ ከጨመቅከው ውስጡን ትሰብረውና ሙሉ ካሊፐር ልትገዛ ነው። የፒስተኑን ፊት ስታየው የመስቀል ቅርጽ ተቆርጦበታል አይደል? የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ያዝና የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ። ከዚያ ፒስተኑን እየገፋህ በሰዓት አቅጣጫ አዙረው። ማዞሪያ ከሌለህ በፒንሳም ይሆናል፣ ያለፋሃል እንጂ። በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ላስቲክ አብሮ እንዳይጠመዘዝ። የፍሬን ዘይቱንም እያየህ፣ ሞልቶ ከፈሰሰ ቀለም ይልጣል። ሲገባልህ መስቀሉን ከሸራው ጀርባ ካለችው ጉብታ ጋር አግጥማት፣ ካልገጠመች ሸራው ጠማማ ይቀመጣል። ካሊፐሩን ደግሞ በፍሬን ዘይት ቱቦው እንዳታንጠለጥለው፣ በሽቦ እሰረው።

ፕራዶ ነጂ፦
የኔ ተገፍቶ ነው የገባው፣ የእጅ ፍሬኑ ዲስኩ ውስጥ የራሱ ሸራ አለው። ከመኪና መኪና ይለያያል ማለት ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን የውስጡ ብቻ ማለቁ ነው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ፒኖች ሳይደርቁ አይቀሩም። አውጥተህ ጥረጋቸውና የፍሬን ግሪስ ቀባ፣ ተራው ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። ይሄን ካልነካህ አዲሱም ሸራ እንደዛው ነው የሚያልቀው። ግራውንም አብረህ ቀይር።

ኮሮላው፦
ገባ! ሦስት ዙር እንዳዞርኩት እንደ ቅቤ ሆነ። ፒኑም እንደተባለው ነው፣ የታችኛው ዝጎ እንደ ሚስማር ተቸንክሯል፣ በስንት መከራ ወጣ። እንዴት እንደገመትከው እንጃ። አሁን ጎማ እያሰርኩ ነው።

የሰፈር መካኒክ፦
አደራ፣ ሳትንቀሳቀስ ፔዳሉን እስኪጠጥር ድረስ ደጋግመህ ርገጥ! እኔ አንዴ ረስቼው ማርሽ ሳስገባ ፔዳሉ መሬት ወረደ፣ የግቢያችን ቆርቆሮ በር እስከዛሬ ጎብጦ አለ። ቸርችልን ለዛሬ ተዋት፣ መጀመሪያ ሜዳ ላይ ቀስ ብለህ ሞክራት።